“ሞቀች” ስትባል፦ ያረጀች አውቶሞቢል በላስታ ዳገት ላይ

“ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ” ይላል የሀገራችን ሰው። ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ልጽፍ ስነሳ ከዚህ አባባል የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ያረጀች አውቶሞቢል ደጋ ላይ መንገድ ዳር ቆማ ስትጨስ፣ ነገሩ ከሥሩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውኃ ነውና። ወይ ውኃው ጎድሏል፣ ወይ አልዞረም፣ ወይ ያለ ቦታው ገብቷል።

“የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባው?” የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነገ ተመርቀን ለዘገባ የምንወጣው፣ ዛሬም ለበዓል ወደየቤታችን የምንገባው ባብዛኛው በእነዚሁ አሮጌ መኪኖች ነው። ሁለተኛ፣ የሞተርን ችግር መፈለግ ከምንማረው ሙያ ብዙም አይርቅም። መኪና ራሷ የመረጃ ምንጭ ናት። ምን ሆነች? መቼ ጀመራት? የት ላይ፣ ዳገት ወይስ ሜዳ? እንዴት? ለምን? እየተባለ ትጠየቃለች። ሻጩም ሌላ ምንጭ ነው፤ ግን ጥቅም ያለው ምንጭ ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ምን ማድረግ እንዳለብን መምህሮቻችን ደጋግመው ነግረውናል፤ ማጣራት ነው።

እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ምሳሌዬን የማመጣው ከማውቀው መንገድ ነው፦ ከጋሸና ላሊበላ፣ ከላሊበላም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚወስደው ዳገት።

አሮጌ መኪና ለምን ከእጃችን አይወጣም?

ቶዮታ ኮሮላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ “ዲኤክስ” የምትባለዋን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራችውን ኮሮላ የማያውቅ የለም። በደርግ ዘመን የገባችው ሩሲያ ሠራሽ ላዳም የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ የተሠራች ነች፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ስንት ትውልድ አመላልሳለች። እነዚህ መኪኖች በሌላው ዓለም ቢሆን ሙዚየም ወይም ቁርጥራጭ ብረት መጣያ በገቡ ነበር። እኛ ጋ ግን ቤተሰብ ያስተዳድራሉ።

ምክንያቱ ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። የታሰበው አሮጌው እንዲቀንስና ኤሌክትሪኩ እንዲበዛ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ከመንገድ አልጠፋም። ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ሊብሬው ስም እየለወጠ፣ ዕድሜው ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያረጀ ነው፤ የሚጠብቀው መንገድ ደግሞ ከሁሉ ዳገታማው ነው።

ስለዚህ “አሮጌ መኪና አትግዛ” ብሎ መምከር ለባለጸጋ የሚሆን ምክር ነው። ለእኛ የሚጠቅመው እንዴት እንደምትታይና እንዴት እንደምትያዝ ማወቅ ነው።

የጋራዡ ቋንቋ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላቱ ትንሽ ልበል፤ ቋንቋ የኛም ሥራ ነውና። መካኒክ ሲናገር ግማሹ ቃል ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ቦቢና... ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሀገራችንን ይዘው በቆዩበት ጊዜ መንገድና ጋራዥ ሲያስፋፉ ቃላቱም ከጋራዡ ጋር ቀሩ።

የማያውቅ ሰው መካኒክ ፊት ሲቆም እንደ ታማሚ ነው፤ ሐኪሙ የሚናገረው አይገባውም፣ የተባለውን ብቻ ይከፍላል። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉንን እንያዝ። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ራስ፣ ከላይ የሚከደነው ክፍል ነው። ጓርኒሲዮን በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚነጠፈው ስስ ንጣፍ ነው፤ ውኃ፣ ዘይትና የሚቃጠለው ጋዝ እንዳይገናኙ የሚለያቸው እሱ ነው። ፋሻ የሚባሉት ፒስተኑን ዙሪያውን የከበቡት ቀለበቶች ናቸው። ካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠው፣ ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ቺንጋ ደግሞ የሚያዞረው ቀበቶ ነው። ሚኒሞ የሚባለው መኪናዋ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ ያላት ፍጥነት ነው።

ዳገቱ ሞተርን ምን ያደርገዋል?

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየር ማረፊያው ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ጋሸና ደግሞ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ከጋሸና ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር መጀመሪያ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ የሚወጣ መንገድ ነው። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተነባብሮ የታነጸው የዛጉዌው ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደዚያ የሚሄድ መኪና ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል።

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። እንግዲህ ሞተሩ በሳበ ቁጥር ከሚገባው አየር ሩብ የሚሆነው ይጎድለዋል። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 75 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ላሊበላ ላይ 56 አካባቢ ቢሰጥ ነው። ይኼ ሞተሩ ደህና ሲሆን ነው። ፋሻው ያለቀ ከሆነ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ “መኪናዋ ዳገት አትወጣም” የሚለው ስሞታ ሁሉ የሞተር በሽታ አይደለም፤ ከፊሉ የከፍታው ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ ይብሳል፤ እሱም ውኃው ነው። እናቶቻችን እንደሚያውቁት ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱ ውኃው ቶሎ ስለሚፈላ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ ላሊበላ ላይ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል።

የመኪና ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑ የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ይዞ የሚቆየው ቴርሞስታት በብዙ መኪኖች ላይ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፤ ከ82 እስከ 92 ያለው ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ታዲያ መኪኖቻችን በየቀኑ ለምን አይፈሉም?

መልሱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ይህች ክዳን እንደ ድስት ክዳን ዝም ብላ አትደፈንም። ውስጧ ስፕሪንግና ጎማ አላት፤ ውኃውን አፍና ግፊቱን ታሳድጋለች። በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ የምትይዘው ግፊት 0.9 ባር ገደማ ነው። ውኃ በታፈነ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ደህና ክዳን ካለ ላሊበላ ላይ ያለው የመኪና ውኃ የሚፈላው በ114 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎማዋ ደርቃ ወይም ስፕሪንጓ ላልቶ ከሆነ ግን እንደገና ወደ 92 ወረድን ማለት ነው። ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ መተማመኛ በአንዲት ትንሽ ጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ክዳኗ የሞተባት መኪና እስከ 100 ዲግሪ ትታገሣለች፤ እኛ ጋ ያ ትዕግሥት የለም።

ሦስተኛ፣ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። መኪናዋ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች ቀስ ብላ ስትወጣ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ትንሽ ነው፤ የሚመነጨው ሙቀት ግን ብዙ ነው። ማራገቢያው ካልሠራ ወይም ቺንጋው ላልቶ የውኃው ፖምፓ በደንብ ካልዞረ፣ ዳገቱ ሳያልቅ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ይሄዳል።

የአጎቴ ኮሮላ

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሆን በአጎቴ መኪና ላይ አይቼዋለሁ። አጎቴ ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ ከእናቴም ተበድሮ ጨምሮበት፣ አንዲት ነጭ ኮሮላ ገዛ። ሻጩ “ሞተሯ ተነክቶ አያውቅም” አለው። እውነቱን ነው፤ አልተነካም ነበር። ችግሩ መነካት ሲገባው አለመነካቱ ነው።

መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ድምጿም ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ራዲያተሩ ላይ አንድ ሃይላንድ ውኃ ይጨመርባታል። ከዚያ አንድ ተኩል ሆነ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም “አሮጌ አይደለች? ትጠጣለች!” ይላል። ማንም ውኃው የት ይሄዳል ብሎ አልጠየቀም። የመኪና ውኃ በተዘጋ መንገድ የሚዞር ስለሆነ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ ወይ ወደ ውጭ ፈሷል፣ ወይ ተንኗል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል፤ አራተኛ መንገድ የለውም።

የገና ሰሞን ነው። እንግዳውና ምዕመኑ ላሊበላን የሚሞላበት፣ ለሹፌር የዓመቱ እንጀራ የሚጋገርበት ጊዜ ነው። አጎቴ አምስት ሰው ጭኖ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲወጣ ዳገቱ መሐል ቀስቱ ቀዩን ነካ። “ትንሽ ናት፣ እላይ ስደርስ አቆማለሁ” ብሎ ቀጠለ። እላይ ሳይደርስ ነጭ እንፋሎት ከኮፋኖው ሥር ወጣ፣ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ተሳፋሪዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው በእግራቸው ቀጠሉ። መኪናዋ በማግስቱ ተጎትታ ተመለሰች።

መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታው የተገኘው እንዲህ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ውኃው በየቀኑ በእንፋሎት እየወጣ ይጎድላል። ሲጎድል ቴስታታው ከሚችለው በላይ ሞቀ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ የሞተሩ አካል ግን ብረት ነው። ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ቴስታታው ተጣመመ፣ መሐል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፣ ውኃና ዘይት ተቀላቀሉ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ነበር።

ክዳኗ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ናት። ሞተር ማውረድ፣ ቴስታታ ማስላግ፣ ጓርኒሲዮን መቀየር ግን ሌላ ነው። አጎቴ የገና ገቢው ቀረ፣ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ፣ የእናቴ ብድርም ወደ ሌላ ዓመት ተላለፈ። በሕይወቱ ውድ ብሎ የገዛው ነገር በርካሹ ዕቃ ምክንያት ቆመ።

ጭሱ ምን ይላል?

ከሙቀት ቀጥሎ በጣም ተናጋሪው ጭስ ነው። ከማርሚታው የሚወጣውን ቀለም ያየ ሰው የሞተሩን ሆድ ዕቃ አየ ማለት ይቻላል።

ነጭ ጭስ፦ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ ጉም በሽታ አይደለም፤ ማርሚታ ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና ወፍራም ከሆነ ግን ውኃ ወደሚቃጠለው ክፍል እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮኑን እንጠርጥር።

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። እዚህ ላይ “መቼ?” የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ የሚጨስ ከሆነ ፋሻው ሳያልቅ አይቀርም። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ወይም ረጅም ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ላይ ያለችው የዘይት መከላከያ ጎማ ደርቃለች። የእኛ መንገድ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከጋሸና ወርዶ ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ያለው ሰው ጭሱን ያየዋል። ሁለቱን መለየት ገንዘብ ነው። ፋሻ ለመቀየር ሞተር ይወርዳል፤ ጎማዋ ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ያን ያህል ሳይፈታ ትቀየራለች።

ጥቁር ጭስ፦ ቤንዚን በዝቷል፣ አየር አንሷል። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች እኛ ጋ የሚጨሱት አንዱ ለዚህ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚያፈሰው ቤንዚን ይበዛል። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ ሚኒሞው ይዛባል፣ ነዳጅ ትበላለች። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩት ኋላ የመጡት ሞዴሎች ልኬቱን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በሁለቱም ላይ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የአየር ማጣሪያው ነው። የላስታ አቧራ ማጣሪያ አይምርም።

ሌሎች የተለመዱ ስሞታዎች

“ጠዋት አትነሳም”፦ መጀመሪያ ድምጿን እንስማ። ቀጭን “ጠቅ ጠቅ” ብቻ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው መያዣ ዝጓል። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ካልተነሳች ግን ባትሪው ደህና ነው፤ ጥያቄው ብልጭታ ነው ወይስ ቤንዚን? ካንዴላ፣ ቦቢናና ገመዶቹ አንድ ወገን፣ የነዳጅ ፖምፓና ማጣሪያው ሌላ ወገን ናቸው። ሳይለዩ ሁሉንም መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

“ስትሄድ ትቆራረጣለች”፦ ቤንዚን በማደያ ሲጠፋ በጀሪካንና በበርሜል መግዛት የተለመደ ነው። በርሜል ውስጥ ዝገትና ውኃ አይጠፋም። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል ውኃው ከታች ይተኛል፤ በመጨረሻ የሚቀዳ ሰው እሱን ይዞ ይሄዳል። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን እንጂ ውኃውን ሁሉ አያስቀርም። የነዳጅ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል።

“ቆማ ከርማ አልሠራ አለች”፦ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላስታ በደረሰበት ጊዜ ወራት ሙሉ የቆሙ መኪኖች ብዙ ነበሩ። መኪና ቆማም ትታመማለች። ባትሪው ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ያረጃል፣ ጎማ የሆነው ሁሉ ይደርቃል፣ አይጥ ገመድ ይቆርጣል። እንዲህ ያለችውን ቁልፍ አዙሮ ወዲያው ዳገት ማስወጣት አይገባም። ዘይቱና ውኃው ይታይ፣ አሮጌው ቤንዚን ይውጣ፣ ቱቦዎቹ በእጅ ይዳሰሱ።

“የዘይት መብራት በራ”፦ ይኼ ቀልድ የለውም። የሙቀት ቀስት ሲወጣ ለመንገድ ዳር ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ የዘይት ግፊት መብራት ግን ሞተሩ እየሠራ ከበራ ወዲያው ማጥፋት ነው። ዘይት የሌለው ሞተር ብረት ከብረት እየተፋጨ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል።

“ቺንጋው ተበጠሰ”፦ ብዙ አሮጌ ሞተሮች የውስጡን ዘንግና ቫልቭ የሚያዛምድ የጎማ ቺንጋ አላቸው። ባብዛኛው 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየር ይባላል። ሳይቀየር ከተበጠሰ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ከውጭ ስለማይታይ “በቅርብ ተቀይሯል” የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ቀኑን ከራሱ እጅ ቢቆጥር ይሻለዋል፤ ገዝቶ ይቀይር፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል

አንድ የተለመደ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። መኪና ስትሞቅ አንዳንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። “አሁን አትሞቅም” ይባላል። ተበላሽቶ የማይከፈት ቴርሞስታት በእርግጥ ያፈላል፤ መፍትሔው ግን ደህናውን መግጠም ነው። ያለ እሱ ሞተሩ በደጋ ብርድ በወጉ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ፋሻው ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ ትክክለኛው ችግር፣ የደፈነው ራዲያተር ወይም የደከመው ፖምፓ፣ ተሸፍኖ ይቆያል። ሕመሙን ትቶ ትኩሳቱን ብቻ እንደማብረድ ነው።

ውኃ ብቻ መሙላትም እንዲሁ ነው። የምንጭ ውኃ ማዕድን አለው፤ ራዲያተር ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ብረቱም ይዝጋል። ከውኃ ጋር የሚቀላቀለው የራዲያተር ፈሳሽ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ውርጭ በሚጥልበት ደጋም ውኃው ሌሊት እንዳይረጋ ይጠብቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት

አሮጌ መኪና ለማየት የምትሄዱ ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

1. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። ኮፋኖውን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቃት ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል፤ የጠዋቱን ጭስና የጠዋቱን አነሳስ አላያችሁም።

2. በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ጎማዋን እዩ። ውኃው ሙሉ ነው? ዝገት ወይም የዘይት ቅባት ይታያል?

3. የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ፣ የዘይት መጨመሪያውንም ክዳን ገልብጡ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ ጓርኒሲዮኑ ያጠራጥራል።

4. አስነሱና አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ።

5. ሜዳ ላይ ብቻ አትሞክሯት። ረዘም ያለ ዳገት አስወጧት፤ ዓይናችሁ ከሙቀት ቀስቱ ላይ አይነሳ።

6. ስትመለሱ አጥፉና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና አስነሱ። ሙቅ ሆና መነሳት እምቢ የምትል መኪና አለች።

7. ከተቻለ ሻጩ ያላመጣውን፣ እናንተ የመረጣችሁትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የክፍያው ነገር አያሳስባችሁ፤ ከሞተር ማውረድ ይረክሳል።

መንገድ ላይ ከሞቀች

ቀስቱ ሲወጣ “እላይ ስደርስ” የለም። የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ለተሳፋሪው ባይመችም ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ደህና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። እንፋሎት ከወጣ አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ፤ ታፍኖ የቆየው ውኃ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይረጫል፣ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሡ፤ ክዳኗ በእጅ ስትነካ እስክትበርድ ድረስ። ከዚያ ጨርቅ ይዛችሁ በቀስታ ክፈቱ። ውኃውንም ሞተሩ እየሠራ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ውኃ ጨምራችሁ እንደገና ቶሎ ከጎደለ ጉዞው እዚያው ላይ አበቃ፤ መጎተት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ልማድ እመክራለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ደብተር ትቀመጥ። ውኃ ስንጨምር ስንት እንደጨመርን፣ ዘይት ስንለውጥ ኪሎ ሜትሩን፣ ቀኑን ጽፈን እናስቀምጥ። አንድ ሃይላንድ የነበረው አንድ ተኩል ሲሆን ደብተሯ ላይ ይታያል፤ በቃል ግን ይረሳል። አጎቴ አሁን እንዲህ ያለች ደብተር አለችው። መኪናዋም ተጠግና ይምርሐነ ክርስቶስ ትመላለሳለች፤ ክዳኗ አዲስ ነው፣ ከጠዋት ጠዋት የሚጨመርባትም ውኃ የለም።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።